ታይታኒየም ከአጥንት ይጠነክራል፤ ታዲያ የእናቴ ዳሌ ለምን ላላ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የመካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የእናቷ የዳሌ መገጣጠሚያ በሰው ሰራሽ ከተቀየረ 12 ዓመቱ ነው፤ አሁን ሕመሙ ተመልሶባቸው ሐኪሙ «ዘንጉ (ጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው ብረት) ላልቷል፣ እንደገና መቀየር አለበት» ብሏቸዋል። «ታይታኒየም ከአጥንት በብዙ እጥፍ ይጠነክራል፤ ታዲያ ምን አላላው? ኮምፒውተር ላይ ሞዴል ሠርቶ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይስ የኩባንያ ማስታወቂያ ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የድሮውን ማውጣት አለ፣ በሳሳ አጥንት ላይ አዲስ መትከል አለ፣ ዕድሜም ጨምሯል። እኔ የምሠራው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ኮምፒውተር ላይ የጭን አጥንትና ዘንግ እየገጠምኩ፣ ሸክም እየጫንኩ፣ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ብዙውን ነገር አስቀድሞ ማየት ይቻላል። ግን ሞዴል የሚመልሰው የጠየቅሽውን ብቻ ነው። «ዘንጉ ይሰበራል ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂው «አይሰበርም» ይልሻል፤ እውነቱንም ነው፣ የእናትሽም ዘንግ አልተሰበረም። መጠየቅ የነበረበት «አጥንቱስ ምን ይሆናል?» ተብሎ ነው።

የእናትሽን ራጅ ሳላይ የእሳቸው ለምን እንደላላ ልነግርሽ አልችልም። ሰው ሰራሽ መገጣጠሚያ የሚላላባቸው ዋና ዋና መንገዶች ግን ይታወቃሉ። አንዱ ፍቀት ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ ዳሌ ላይ በተተከለው የፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ በተንሸራተተ ቁጥር በዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣል። ሰውነት ብናኙን ባዕድ ነው ብሎ ሊያስወግደው ይነሳል፤ በዚያ ትግል መሃል ዙሪያው ያለው አጥንት አብሮ ይበላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ፍቀት ምን እንደሚያመጣ በመከራ ነው የተማረው። መጀመሪያ ጎድጓዳውን በቴፍሎን ሠርቶ ብዙ ታካሚዎች ላይ ተከለ። ቴፍሎን መጥበሻ ላይ የምናውቀው የሚያንሸራትት ነገር ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተፍቆ አለቀ። በ1962 በፖሊኢትሊን ተካው፤ ዛሬም በብዛት የሚተከለው የዚያው ዘር ነው። በጨረር የሚጠናከረው የኋላኛው ዓይነት ደግሞ ፍቀቱን በጣም ቀንሶታል። ስለ ፕላስቲኩ እዚህ ላይ ላቁም፣ ያንቺ ጥያቄ ዘንጉ ላይ ነውና።

ወደ ዘንጉ እንምጣ። ጥንካሬ (ሳይሰበር ስንት ይችላል) እና ግትርነት (ሸክም ሲያርፍበት ምን ያህል አልታጠፍም ይላል) ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በትምህርት ቤት ተምረሻል። እዚህ ጉዳይ ላይ ችግር የሚፈጥረው ግትርነቱ ነው። የጭን አጥንት ጠንካራው ውጫዊ ክፍል ግትርነቱ ከ17 እስከ 20 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ የሚመስለው አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ጊጋፓስካል በታች ነው። የታይታኒየም ቅይጥ 110 ገደማ ይደርሳል፤ ኮባልት ክሮም የሚባለው ሌላው የኢምፕላንት ብረት ደግሞ ከ200 በላይ ነው።

አሁን አንድ ጎበዝ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ከባድ ግንድ ተሸከሙ እንበል። ወጣቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሽማግሌው ጎበጥ ይላሉ። ሸክሙ በሙሉ ወጣቱ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሽማግሌው ግንዱን ነክተውታል እንጂ አልተሸከሙትም። አጥንትና ዘንግም እንዲሁ ናቸው። ዘንጉ ጭን አጥንት ውስጥ ሲገባ ሸክሙን ከላይ ተቀብሎ በራሱ በኩል ወደ ታች ያወርደዋል፤ የላይኛው አጥንት ሥራ ይፈታል። አጥንት ደግሞ ሥራ ከፈታ ይሳሳል። እጅ በጀሶ ታስሮ ከርሞ ሲፈታ የሚመነምነው ጡንቻው ብቻ አይደለም፣ አጥንቱም ይሳሳል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ ይህንን ሕግ አድርጎ የጻፈው በ1892 ነው፦ አጥንት በሚሸከመው ልክ ራሱን ይሠራል፣ በማይሸከመው ልክ ራሱን ያፈርሳል። ስለዚህ ዘንጉን የያዘው አጥንት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ላይ አቅም ያጣል፤ ለሚቀጥለው ቀዶ ጥገናም የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጣም ግትር ነገር መትከል በዚህ መንገድ ይጎዳል።

ኮምፒውተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ፋይናይት ኤለመንትን (አንድን ነገር ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ጫና የማስላት ዘዴ) የምታውቂው ከድልድይና ከማሽን ክፍል ይሆናል። በአጥንት ላይ መሞከሩ የተጻፈው በ1972 ነው፤ በጣም ጥቂት ክፍልፋዮች ባሉት፣ ጠፍጣፋ ሥዕል በሚመስል ሞዴል። ዛሬ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሲቲ ስካን ተነስተሽ የአጥንቱን ቅርጽ ታወጫለሽ። ሲቲ ስካን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ይነግርሻል፤ ከጥግግቱ ደግሞ ግትርነቱን ታሰያለሽ። ግትርነት ከጥግግት ጋር በቀጥታ አያድግም፣ በጣም በፍጥነት ነው የሚያድገው፤ ታዋቂ በሆነው አንድ ቀመር መሠረት የጥግግቱን ኪዩብ ይከተላል። ጥግግቱ በግማሽ ከቀነሰ ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሲቲ ስካኑ በደንብ ካልተለካ ሞዴሉ ከመጀመሪያው የሚበላሸው። ከዚያ አጥንቱን በመቶ ሺዎች ወደሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ትከፋፍይዋለሽ፣ ዘንጉን ታስገቢያለሽ፣ ሸክም ትጭኛለሽ።

ሸክሙ ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት ዳሌዋ ላይ 60 ኪሎ ነው የሚያርፈው ብሎ ያስባል። አይደለም። በአንድ እግር ስትቆሚ ክብደትሽ ከመገጣጠሚያው በአንድ ወገን ይጎትታል፤ እንዳትወድቂ በሌላው ወገን ያለው የዳሌ ጡንቻ ይጎትታል። ልክ እንደ ሚዛን ነው፣ ግን የጡንቻው ክንድ አጭር ነው። ስለዚህ ጡንቻው ከክብደትሽ በላይ መጎተት አለበት፤ መገጣጠሚያው ደግሞ የሁለቱንም ድምር ይሸከማል።

ይህ በግምት የቀረ ነገርም አይደለም። በርሊን ውስጥ ጌዮርግ በርግማን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር መለኪያ የተገጠመላቸው ኢምፕላንቶች (ሰው ሰራሽ መገጣጠሚያዎች) ሠርቶ ፈቃደኛ ታካሚዎች ላይ እንዲተከሉ አደረገ። ሰዎቹ ሲራመዱ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ኢምፕላንት ራሱ ምን ያህል እንደተሸከመ ይናገራል። በ2001 ያሳተሙት ውጤት እስከ ዛሬ የሁላችንም መነሻ ነው፦ በተለመደ እርምጃ ከሰውነት ክብደት 2.4 እጥፍ ገደማ፣ ደረጃ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ። ሰው ሲደናቀፍ ደግሞ ከ8 እጥፍ በላይ የተለካበት ጊዜ አለ። እና ያቺ 60 ኪሎ ሴት ስትራመድ ወደ 144 ኪሎ፣ ስትደናቀፍ ደግሞ ከ480 ኪሎ በላይ ዳሌዋ ላይ ያርፋል ማለት ነው። አንድ እግር በዓመት አንድ ሚሊዮን ገደማ እርምጃ እንደሚራመድ አስቢበት።

ይህንን ሁሉ ካስገባሽ በኋላ ሞዴሉ ጊዜን ያስኬዳል። ከቀዶ ጥገናው በፊት እያንዳንዷ የአጥንት ክፍል ምን ያህል ትለጠጥ እንደነበር ታሰያለሽ። ዘንጉ ከገባ በኋላ እንደገና ታሰያለሽ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ አጥንቱ ዝም ይላል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ከቀነሰ ግን ጥግግቱን ታሳንሻለሽ፣ ከጨመረም ትጨምሪያለሽ። ከዚያ በአዲሱ ጥግግት ደግመሽ ታሰያለሽ። ይህ ሲደጋገም አጥንቱ በስንት ዓመት ውስጥ የሚያልፍበትን ለውጥ በአንድ ሌሊት ታያለሽ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን አልረሳውም። የላይኛው አጥንት ከእርምጃ ወደ እርምጃ እየደበዘዘ ሄደ፤ ከእውነተኛ ታካሚ ራጅ ጋር ሳስተያየው የሳሳው ቦታ ያው ነበር።

«ታዲያ ዘንጉን እንደ አጥንት ለስላሳ አድርጎ መሥራት ነው!» ትይኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። በ1970ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ይህ ተሞክሯል፤ ግትርነቱ ከአጥንት ጋር እንዲቀራረብ ተብሎ በፕላስቲክ የተለበጠ ዘንግ ተተከለ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፣ ውጤቱ ግን መጥፎ ሆነ፤ ብዙዎቹ ላሉ። ለምን እንደላሉ በደንብ ያስረዳን የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሪክ ሁይስከስና ባልደረቦቹ በ1992 ባሳተሙት ሥራ ዘንጉ ሲለሰልስ አጥንቱ መሳሳቱ እንደሚቀንስ፣ በዚያው ልክ ግን ዘንጉና አጥንቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ጫና እንደሚጨምር አሳዩ። አንዱን ስትጠግኚ ሌላው ይቀደዳል።

የመገናኛው ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ያለ ሲሚንቶ (ዘንጉን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ማሰሪያ) የሚተከል ዘንግ እንዲይዝ አጥንት በዘንጉ ገጽ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ማደግ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዘንጉ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚላወሰው ከ40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ከሆነ አጥንት ያድግበታል። ከ150 ማይክሮን በላይ ከሆነ የሚያድገው እንደ ጠባሳ ያለ ለስላሳ ሥጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ዘንግ አይይዝም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ በመያዝና ባለመያዝ መሃል ያለው ልዩነት የአንድና የሁለት ፀጉር ያህል ነው። ይህንን በሕይወት ባለ ታካሚ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ የዘንጉ ነጥብ ላይ መለካት አይቻልም። ሞዴል ግን በሁሉም ነጥብ ላይ ይሰጥሻል። እኔ የኮምፒውተር ሥራ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ መሃል መንገድ የሚፈልጉት ብረቱን ራሱን በመቅረጽ ነው። በ3ዲ ማተሚያ ታይታኒየምን እንደ ወንፊት፣ እንደ ማር እንጀራ ክፍተት እየተውሽ ማተም ትችያለሽ። የሞንትሪያሉ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከላይ እስከ ታች ክፍተት ያለው ዘንግ ነደፈ፤ ክፍተቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የት ይስፋ የት ይጥበብ የሚለውንም የወሰነው ስሌቱ ነው። በእነሱ ሞዴል በሥራ መፍታት ምክንያት የሚጠፋው አጥንት ከድፍኑ ዘንግ ጋር ሲነጻጸር በ75 በመቶ ቀነሰ። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን 75 የሚለው ቁጥር ከስሌት የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ተተክሎ 15 ዓመት ተጠብቆ የተቆጠረ አይደለም። እያንዳንዷ የወንፊቱ ቀጭን ክር ደግሞ በዓመት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ትታጠፋለች፤ የድካም ስብራት (ከመደጋገም የሚመጣ ስብራት) ከየትኛዋ ትንሽ እንከን እንደሚጀምር መታወቅ አለበት። ማስታወቂያና ሳይንስ የሚለያዩት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያዪውና ከየት እንደመጣ ጠይቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ዲፒዩ የተባለው ኩባንያ ኤኤስአር የሚባል፣ ኳሱም ጎድጓዳውም ብረት የሆነ የዳሌ ኢምፕላንት ነበረው። በነሐሴ 2010 ከገበያ ሰበሰበው። እስከዚያ ድረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 93,000 ሰዎች ላይ ተተክሎ ነበር። የእንግሊዝና ዌልስ ብሔራዊ የመገጣጠሚያ መዝገብ ባሳየው መሠረት በ5 ዓመት ውስጥ ከ100 ታካሚ 12 ወይም 13ቱ ድጋሚ ቀዶ ጥገና አስፈልጓቸዋል። ይህ በጣም ብዙ ነው። የጎድጓዳው ቅርጽ ከግማሽ ሉል ያነሰ፣ ጥልቀት የጎደለው ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ቀና አድርጎ ከተከለው ኳሱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ቅባቱ ይጠፋል፣ ብረት ብረትን ይፈቃል፣ ኮባልትና ክሮም ወደ ደም ይገባል፣ ሥጋውም ይጎዳል።

በዚያ ዘመን የተለመደው የላብራቶሪ ሙከራ ጎድጓዳውን በትክክለኛው ማዕዘን አስቀምጦ፣ በተመሳሳይ እርምጃ ሚሊዮን ጊዜ ማመላለስ ነበር። እንደዚያ ሲሞከር ያማረ ነገር እውነተኛ ሰው ላይ፣ እውነተኛ ሐኪም በ10 ዲግሪ አዛብቶ ሲተክለው ሌላ ነገር ሆነ። ሐኪሙ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ታካሚው በጎኑ ተኝቶ፣ በደምና በጡንቻ መሃል 10 ዲግሪ መሳት ያለ ነገር ነው። ጥሩ ንድፍ ይህንን ስህተት መቻል አለበት። ኮምፒውተር ላይ ማዕዘኑን ከ30 እስከ 65 ዲግሪ እየቀየርሽ መቶ ጊዜ ማስኬድ የሚያስወጣሽ የመብራትና የጊዜ ወጪ ብቻ ነው።

ከራሴ ሥራ ልንገርሽ። በጀማሪነቴ የአንድ ዘንግ ሞዴል ሠርቼ ለቡድኑ አቀረብኩ። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ሁሉም ሰማያዊና አረንጓዴ፣ አደጋን የሚያሳየው ቀይ የትም የለም። አንድ አንጋፋ የአጥንት ሐኪም እስከ መጨረሻው በጸጥታ አዳመጡና «ይህ የማን አጥንት ነው?» አሉኝ። የአንድ ጤነኛ፣ ሰፊ አጥንት ያለው ጎልማሳ ወንድ ሲቲ ስካን ነበር። «እኔ የምተክለው እኮ ለ75 ዓመት እናቶች ነው» አሉ። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ አጥንቷ የሳሳ የአንዲት አሮጊትን ስካን አስገባሁ። ያው ዘንግ፣ ያው ሸክም። መላወሱ ከምንፈቅደው ገደብ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ አጥንት ብቻ የተሠራ ውጤት ሲቀርብልኝ አላምንም። አሁን ከብዙ ሰዎች ስካን ተነስቶ በስታቲስቲክስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተለያዩ አጥንቶችን ማፍለቅ ይቻላል፤ ሰፊ፣ ጠባብ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሳሳ። ንድፉ በአማካዩ ላይ ምን ሠራ ብለሽ አትጠይቂ፤ በጣም ደካማዎቹ ላይ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቂ።

ይህ ጉዳይ ወደ እኛም ይመጣል። ቅድም ያነሳሁት የ2001 የበርሊን ልኬት ከአራት ታካሚዎች የተገኘ ነው። የተለካው መራመድ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ በአንድ እግር መቆም፣ ጉልበት ማጠፍ ነው። እናቶቻችን ግን ዱካ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈላሉ። መሬት ለመሬት በሆነ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ይሰግዳሉ፣ መስጊድ ይሰግዳሉ፤ በጾም ወቅት ስግደቱ በቁጥር ይበዛል። ዳሌ በእንዲህ ያለ ሁኔታ በጣም ሲታጠፍ የዘንጉ አንገት ከጎድጓዳው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፤ ከተጋጨ እንደ መፈንቀያ ኳሱን ፈልቅቆ ሊያወጣው ይችላል። ብዙ ሐኪም «አትስገጂ፣ አትቀመጪ» ብሎ ይከለክላል፤ ልክ ነው፣ ጥንቃቄ ነው። ግን ለአንዲት ምእመን ስግደት የቀረባት ዳሌ ሙሉ ዳሌ አይደለም። የኳሱን መጠን፣ የአንገቱን ውፍረት፣ የጎድጓዳውን ማዕዘን በሞዴል አስልቶ የትኛው ጥምረት ስግደትን ያለ ግጭት ያስችላል ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

የመመረቂያ ሥራ እየፈለግሽ ከሆነ ይህንን ውሰጂ። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግሽም። ስካኑን ለመቅረጽ 3ዲ ስላይሰር ነጻ ነው። ለእንቅስቃሴና ለጡንቻ ስታንፎርድ ያወጣው ኦፕንሲም አለ፣ ለስሌቱ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌቢዮ አለ። የበርሊኖቹ ልኬትም ኦርቶሎድ በሚል ስም ለሁሉም ክፍት ነው። ስካን ከሆስፒታል ስትወስጂ የሥነ ምግባር ፈቃድ አስቀድመሽ አውጪ፣ የታካሚውንም ስም ከስካኑ ላይ አስወግጂ። ሞዴሉን ከሠራሽ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጊው ነገር ጡንቻዎቹን አውጥተሽ እንደገና ማስኬድ ይሁን፤ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ስታዪ ከየትኛው ግምትሽ ጋር መጠንቀቅ እንዳለብሽ ይገባሻል። ከዚያ ከእውነተኛ ልኬት ጋር አወዳድሪ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በ2018 ባወጣው ደረጃ መሠረት አንድ የሕክምና መሣሪያ ሞዴል ምን ያህል መረጋገጥ አለበት የሚለው የሚወሰነው ሞዴሉ ቢሳሳት ታካሚው ላይ በሚደርሰው ጉዳት ልክ ነው። ይህ ደረጃ ሲነበብ ደረቅ ነው፣ ግን አንብቢው።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ኢምፕላንት ሲተከል ከማሸጊያው ላይ ተለጣፊ ወረቀት ይላጣል፤ ስሙ፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ አለበት፤ ታካሚው ፋይል ላይ ይለጠፋል። የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ያደረገላቸውን ሆስፒታል ሄዳችሁ የዚያን ወረቀት ኮፒ ጠይቁ፣ የዱሮውን ራጅም አብራችሁ ያዙ። ሁለተኛውን የሚሠራው ሐኪም ምን እንደሚያወጣ አስቀድሞ ካወቀ ትክክለኛውን መሣሪያ ይዞ ይገባል። ስሙን ካገኘሽ ደግሞ አውስትራሊያ ከ1999 ጀምሮ የያዘችው የመገጣጠሚያ መዝገብ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል፣ ለማንም ክፍት ነው፤ ያ ዘንግ እዚያ ተተክሎ ከሆነ ከስንት ታካሚ ለስንቱ እንደገና እንደተቀየረ ታገኚበታለሽ። የአዲሱንም ስም ከቀዶ ጥገናው በፊት ሐኪሙን ጠይቂና እዚያው ላይ ፈልጊው።